በጀቴ በወሩ አጋማሽ ላይ ለምን ይፈርሳል?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በየወሩ መጀመሪያ በጀት አወጣለሁ። ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ ስልክ፣ ቁጠባ ብዬ ስደምረው ከደመወዜ ጋር ልክ ይመጣል። 15ኛው ቀን ላይ ግን ከቁጠባው መቀነስ እጀምራለሁ፤ ከዚያ በኋላ የባንክ ሂሳቤን ከፍቶ ማየቱ ራሱ ያስፈራኛል። ጥፋቱ ራሴን አለመግዛቴ ነው ወይስ አሠራሬ? ወለድ የሚከፈልበት ብድርም አለብኝ። ዕዳው ይቅደም ወይስ ቁጠባው?

ሂሳብ ሠሪው፦
እህቴ፣ ራስሽን ከመውቀስሽ በፊት ወረቀቱን መርምሪው። ድምሩ ልክ መጣ ማለት ወጪው ሁሉ ተጽፏል ማለት አይደለም። በብዛት ስህተቱ የሚገኘው ሁለት ቦታ ነው።

መጀመሪያ የሳምንቱን ወጪ በ4 አባዝተሽ እንደሆነ እዪ። ዓመቱ 52 ሳምንት ስለሆነ ለ12 ሲካፈል አንድ ወር 4.33 ሳምንት ነው። አስቤዛ በሳምንት 600 ከሆነ በ4 ሲባዛ 2,400 ይሆናል፤ 600 በ52 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል ግን 2,600 ነው። በየወሩ የምትጎድለው 200 በዓመት 2,400 ትሞላለች። የአንድ ወር ሙሉ አስቤዛ በጀት ሳይያዝለት ቀረ ማለት ነው፤ ሂሳቡ ካልተስተካከለ ይህ ጉድለት በየወሩ ይመለሳል።

ሌላው በየወሩ የማይመጣው ወጪ ነው፦ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ጫማ፣ የጥርስ ሕክምና፣ የስልክ ጥገና፣ ስጦታ። ሰው ድንገተኛ ይለዋል እንጂ ቀኑ ባይታወቅም መምጣቱ አይቀርም። ያለፈውን ዓመት እያስታወስሽ አንድ በአንድ ጻፊውና ደምረሽ ለ12 አካፍዪ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከ3 ወር በኋላ የሚከፈል 1,800 ካለ የሚካፈለው ለ3 ነው። ለ12 አካፍለሽ በወር 150 እያስቀመጥሽ ከሆነ ቀኑ ሲደርስ እጅሽ ላይ ያለው 450 ብቻ ነው። ገንዘቡን ከዕለት ወጪው ጋር በአንድ ሂሳብ አትያዢው፤ ቀሪው ብዙ ስለሚመስል ሳይታወቅ ይወጣል።

ደብተርና እስክሪብቶ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ፍርሃቱ ነው፤ በጀትን የሚያስጥለው ብዙ ጊዜ እሱ ነውና።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ 15 ደቂቃ መድቢ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራሽ ሂሳቡን ከፍቶ ቀሪውን ደብተር ላይ መጻፍና መዝጋት ብቻ ይሁን። ምንም አትወስኚ፣ ምንም አትቀንሺ። ቁጥሩ በታየ ቁጥር ቅጣት ከተከተለ ዓይን መሸሹ አይቀርም።

ወጪውን ደግሞ እዚያው በከፈልሽበት ቅጽበት መዝግቢ፤ ማታ ላስታውሰው ካልሽ ትንንሾቹ ይጠፋሉ። «ልዩ ልዩ» የሚለው መስመር ከገቢሽ ከ100 እጅ 5 እጅ ካለፈ ውስጡ ስም ያልወጣለት ወጪ አለና ፈትሺው።

አንድ መስመር ሲያልፍ በጀቱን አትጣዪው። አስቤዛ በ150 ካለፈ ከልብስ 150 ቀንሺና ሁለቱንም ቁጥር አስተካክለሽ ጻፊ። ድምሩ እስካልተለወጠ ድረስ በጀቱ አልፈረሰም። ሦስት ወር በተከታታይ ያው መስመር ካለፈ ግን መጀመሪያ የያዝሽለት መጠን ትንሽ ነበርና ከፍ አድርጊው።

እባክሽ፣ ለማንም፣ ለራስሽም ጭምር የማታወራርጂው የኪስ ገንዘብ ይኑርሽ። ትንሽም ቢሆን። ይህን መስመር ዜሮ ያደረገ በጀት ብዙ ጊዜ አይዘልቅም። ወር ሙሉ የሚበቃውን በአንዴ ከመያዝም በየሰኞው የሳምንቱን ብቻ ወደ ወጪ ሂሳብ ማዛወር 15ኛው ቀን ላይ ያለውን መንገዳገድ ይቀንሰዋል።

የማታ አንባቢ፦
ስለ ብድሩ፦ በመጀመሪያ የወለዱን መጠን በዓመት አስይው። በወር 2 በመቶ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ወለዱ ሳይከፈል በተበደርሽው ዋና ገንዘብ ላይ እየተደመረ ከሄደ በዓመት ወደ 26.8 በመቶ ይደርሳል። ቁጠባሽ 7 በመቶ እያስገኘልሽ ይህን ብድር ይዞ መቆየት ከእያንዳንዱ 100 በዓመት 20 ገደማ መክሰር ነው። ስለዚህ ዕዳው ይቅደም።

ቁጠባውን ግን ባዶ አታድርጊው። የአንድ ወር የግድ ወጪ የሚሸፍን መጠባበቂያ ይኑርሽ፤ እሱ ከሌለ የሚመጣው የመጀመሪያ ችግር መልሶ ያስበድርሻል። ከአንድ በላይ ብድር ካለ ለሁሉም ዝቅተኛውን ክፍያ እየከፈልሽ የተረፈሽን ገንዘብ ከፍተኛ ወለድ ባለው ላይ አድርጊ። ተጨማሪ ስትከፍዪ ገንዘቡ ከዋናው ብድር ላይ እንዲቀነስ በጽሑፍ አሳውቂ፤ ካልተነገራቸው የቀጣዩ ወር ክፍያ ቀድሞ እንደተከፈለ ሊቆጥሩት ይችላሉ። ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት እንዳለው ውሉ ላይ እዪ።

ጀማሪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። በ4 ነበር የማባዛው! አንድ ነገር ልጨምር፤ ኮሚሽን ስላለኝ ገቢዬ ከወር ወር ይለያያል።

ሂሳብ ሠሪው፦
እንግዲያው አማካዩን አትያዢ፤ ከወሮቹ ብዙዎቹ ከአማካይ በታች ሊሆኑ ይችላሉ። ካለፉት 12 ወራት ዝቅተኛውን ወስደሽ በጀቱን በእሱ ሥሪ። ከዚያ በላይ የገባው ሁሉ ለብቻው ሂሳብ ይግባና መጀመሪያ የአንድ ወሩን መጠባበቂያ ይሙላ፤ ከሞላ በኋላ ወደ ብድሩ ይሂድ። ዝቅተኛው ወር የግድ ወጪሽን የማይሸፍን ከሆነ ጉድለቱን ከዚያው ሂሳብ ሙዪው፤ ስለዚህ ደህና ወር በመጣ ቁጥር ኪራይ የመሰለ ቋሚ ወጪ እንዳትጨምሪ።