ሲያድር አልነሳ ያለ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ ሃይሉክስ ፒካፕ ነው፤ ሞተሩ ባለ 2.8 ሊትር 3ኤል ናፍጣ። ሲያድር ሞተሪኖው (ማስነሻው) በደንብ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ፊልትሮው (የናፍጣ ማጣሪያው) ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ስጫነው ወዲያው ይነሳል፣ ቀኑን ሙሉም ደህና ነው። አራቱም ካንዴሌታዎች (ሞተሩ ሳይነሳ ውስጡን የሚያሞቁት) ይግላሉ። ፊልትሮው ከነጎማው አዲስ ነው፣ ፋሸታዎቹም (የቱቦ ማሰሪያዎቹ) ተቀይረዋል።

ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዋናው ፓምፕ) በሚሄደው መስመር ላይ ውስጡ የሚታይ ቱቦ ሳስገባ አረፋ ያልፋል። ጀሪካን ከፖምፓው ዝቅ አድርጌ (ከፍ ካለ ናፍጣው በራሱ ክብደት ስለሚወርድ አየር የሚገባበትን ይደብቃል) በቀጥታ ሳገናኘው አረፋው ጠፋ፤ በፊልትሮው በኩል ሳሳልፈው ተመለሰ። ስለዚህ ጥርጣሬዬ የእጅ ፓምፑ ዲያፍራም (ውስጡ ያለው ተለጣጭ ጎማ) ላይ ነው።

ዲያፍራሙ ብቻውን ይቀየራል፣ ወይስ የፊልትሮውን ራስ በሙሉ መግዛት አለብኝ?