ለትምህርት ቤታችን የምናቀርበው ዕቅድ፦ ኮምፒውተር ወይስ ንባብ?

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በማኅበራችን ለትምህርት ቤቱ ያዋጣነው ገንዘብ በምን ላይ ይዋል የሚለውን እስከ እሑድ እንጨርስ። እኔ ኮምፒውተር ብያለሁ። እስቲ እናንተም ተናገሩ።

የ2ኛ ክፍል መምህርት፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ኮምፒውተሩ ይቆይ። ልጆቼ «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ያወርዱታል። ከመሃል «ቡ»ን ብጠቁማቸው ግን ብዙዎቹ ከ«በ» ካልጀመሩ አያገኙትም። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት 231 ናቸው። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ማስነበብ ያስፈልጋል። መንግሥት ያወጣው ደረጃ ለአንድ ክፍል 50 ልጅ ይላል፤ እኔ ጋ ከ70 በላይ ናቸው።

የቀድሞ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ፦ እትዬ፣ የ4ኛ ክፍል ውጤት የሚወርደው በዚህ ነው?

መምህርት፦ አዎ ወንድሜ። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ልጆቹ ሳይወድቁ በነጻ ዝውውር ሲያልፉ ስለኖሩ ክፍተቱ እስከዚያ አይታይም ነበር። 4ኛ ላይ ሳይንሱም ሒሳቡም በንባብ ይመጣል። ስሌቱን የሚያውቅ ልጅ ጥያቄውን ማንበብ ስላቃተው ብቻ ሰነፍ ሲባል አንጀቴን ይበላዋል።

ወላጅ፦ እኔ ስለ ሆዳቸው ልናገር። ልጄ አንድ ሰዓት ያህል በእግሯ ትሄዳለች፤ አንዳንዴ ቁርስ ሳትቀምስ። ረፋድ ላይ እንቅልፍ ይጥላታል። አዲስ አበባ ከ2012 ወዲህ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች ቁርስና ምሳ ይበላሉ። እኛም እህሉን በመኸር እናዋጣለን፤ ማኅበሩ ድስትና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይግዛ። ቆሎና ንፍሮ ለጾምም ይሆናል።

ገንዘብ ያዥ፦ ይህ ከኮምፒውተሩ ያነሰ ወጪ ነው። ግን ማክሰኞ ገበያ፣ ኅዳር አጨዳ ነው። የሚቀሩትን ልጆችስ?

ወላጅ፦ አጨዳው አይቀርም። ሴቶቹ የሚቀሩት ግን ታናናሾቻቸውን ሊጠብቁ ነው። ሕፃናቱን በየተራ ብንይዝላቸውስ? እሱን በዕድር እናንሳው።

ሰብሳቢ፦ ኮምፒውተሩን ትቼዋለሁ። እንዲህ ጻፍኩት፦ «በመጀመሪያው ዓመት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ቁርስ ይቀርባል። ወደ ቤት የሚወሰዱ የተረት መጻሕፍት ይገዛሉ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በየቀኑ 15 ደቂቃ ትንንሾቹን እያዳመጡ ያስነብባሉ። በመስከረምና በሰኔ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው አንብቦ ይመዘናል።» የሚታረም አለ?

መምህርት፦ መስከረም በጥቅምት ይተካ ጋሼ። መስከረም ላይ ገና ምዝገባው አያልቅም። ሌላው እንዳለ ይሂድ።

ገንዘብ ያዥ፦ የምድጃውን ዋጋ ነገ ጠይቄ እጨምርበታለሁ።