ከባድ መደርደሪያ ድራይዎል (የጂፕሰም ግድግዳ) ላይ ልሰቅል ነው፤ አንከር ብቻ ይበቃል?

ጠያቂዋ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሥሩ ድጋፍ የማይታይበት የዋልነት መደርደሪያ ገዛሁ። ርዝመቱ 48 ኢንች ነው፣ ከግድግዳው 10 ኢንች ወደ ፊት ይወጣል። ባዶውን ራሱ 25 ፓውንድ ይሆናል። መጽሐፍና ጀበና ልደረድርበት ነው። አብሮት አራት የፕላስቲክ አንከር፣ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዘው መሰኪያ፣ መጥቷል። ልጆቼ ከሥሩ ሶፋ ላይ ስለሚቀመጡ ፈራሁ። ምን ትላላችሁ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ፓኬቱ ላይ 75 ፓውንድ አይልም? በአራት ሲባዛ 300 ነው። ይበቃሻል፣ ስቀይው።

አናጺው፦
ተው ወንድሜ፣ እንደሱ አይሰላም። ያ ቁጥር በአብዛኛው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ለሚውል ዕቃ ነው፣ እንደ ስዕልና መስታወት። ይሄ መደርደሪያ ግን ወደ ውጭ ወጥቷል፤ እንደ ሚስማር መንቀያ ብሎኑን ይጎትተዋል። ጠቅላላ ክብደቱ 60 ፓውንድ ቢሆን፣ የክብደቱ መሃል ከግድግዳው 5 ኢንች ይርቃል። ብሎኑ፣ ግድግዳው ላይ ታስሮ መደርደሪያውን ከሚይዘው ብረት የታችኛው ጠርዝ 1.5 ኢንች ከፍ ቢል፣ ብሎኖቹን ወደ ውጭ የሚስበው ኃይል 200 ፓውንድ ገደማ ይደርሳል። ግማሽ ኢንች የጂፕሰም ዱቄትና ወረቀት ይሄን አይችልም። ቢችልም ዛሬ ነው፣ ቆይቶ ይለቃል።

እህቴ፣ አንከሩን እርሺው። ብሎኑ ከጀርባ ያለው ቋሚ እንጨት ውስጥ፣ ስተድ የሚሉት ውስጥ ይግባ። ከመሃል እስከ መሃል 16 ኢንች እየተራራቁ ነው የሚቆሙት፤ አንዳንድ ቤት 24 ነው። በ16 ከሆነ መደርደሪያሽ ሦስቱን ያገኛል።

ጠያቂዋ፦
እሺ ጋሼ። ግን ስተድ መፈለጊያው መሣሪያ የትም ባደርገው ይጮኻል!

የቤት ጥገና ወዳጅ፦
ጠንካራ ማግኔት ያዢና ግድግዳው ላይ ቀስ እያልሽ አንሸራትቺ። ድራይዎሉ ስተዱ ላይ በብሎን ስለሚታሰር፣ ማግኔቱ ጭንቅላቱን ሲያገኝ ጥብቅ ይላል። ከላይ ወደ ታች በአንድ መስመር ሁለት ሦስት ቦታ ከያዘ ስተድ ነው። ከዚያ መደርደሪያው በሚሸፍነው ቦታ ቀጭን ሚስማር ምቺ። እንጨት ከሆነ ይከብድሻል፤ ባዶ ከሆነ እልም ብሎ ይገባል።

ከሶኬት ወይም ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ በላይ ግን እንዳትሰረስሪ። ሽቦው ብዙ ጊዜ በዚያ ነው የሚወጣው።

ጠያቂዋ፦
ማግኔቱ ሠራ፣ ተባረክ! ሦስቱንም አገኘሁ። አሁን ደግሞ የብረቱ ቀዳዳዎች ከስተዶቹ ጋር አልገጠሙም።

አናጺው፦
ሁሌም እንደዚያ ነው፤ ፋብሪካው ግድግዳሽን አያውቀውም። ብረቱን በውሃ ልክ አስተካክለሽ ያዢና ስተዱ የሚያልፍበትን ምልክት አድርጊ። ከዚያ አውርደሽ በብረት መብሻ አዲስ ቀዳዳ አውጪ። በየስተዱ ሁለት ሁለት፣ አንዱ በተቻለ መጠን ከላይ። የላይኛው ነው ጉተታውን የሚሸከመው። እንጨቱን አስቀድመሽ በ1/8 ኢንች መብሻ ብሺው፤ ያለዚያ ይሰነጠቃል። ብሎኑ 10 ቁጥር፣ 2 ኢንች ተኩል የእንጨት ብሎን ይሁን። ጥቁሩን የድራይዎል ብሎን አደራ እንዳትጠቀሚ፣ ጭንቅላቱ ቀንጠስ ይላል።

ኪራይ ቤት ከሆነ ባለቤቱን ቀድመሽ ጠይቂ፤ ዲፖዚት ላይ ጭቅጭቅ ያመጣል።

የአዲስ አበባው፦
የኛ ክፍል መክፈያ ጂፕሰም ነው፣ ውስጡ ግን ቀጭን ብረት እንጂ እንጨት የለውም። እኛስ?

አናጺው፦
የእንጨት ብሎን እዚያ ብረት ላይ አይነክስም። ለቀላል ዕቃ ቶግል የሚሉትን ከጀርባ የሚከፈት ብሎን በብረቱ ውስጥ አሳልፈህ ማሰር ትችላለህ። ለመጽሐፍ መደርደሪያ ግን ጂፕሰሙን ቆርጠህ፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ወፍራም እንጨት አግድም አስረህ መልሰህ ዝጋው። ልፋት ነው፣ ቀለምም ያስቀባሃል። ኮንክሪት ኮለን (ምሰሶ) ያለበት ጎን ካለህ ወደዚያ ውሰደው፤ በፊሸር፣ ኮንክሪቱ ውስጥ ገብቶ ብሎን በሚይዘው መሰኪያ፣ ትጨርሰዋለህ።