«ኮበለለ»፣ «እምቢ ባይ» ወይስ «ኅሊናው ያልፈቀደለት»?

ጥያቄ፣ ከጅማ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ የትምህርት ቤታችን የቲያትር ክበብ ለቬትናም ጦርነት አልመለመልም በማለቱ የተከሰሰውን የአሜሪካዊውን ቦክሰኛ የሙሐመድ ዓሊን ሙግት ለመድረክ እያዘጋጀ ነው። ዓቃቤ ሕጉን የሚጫወተው ልጅ «ተከሳሹ ከውትድርና ኮብልሏል» ሲል ልምምዱን ይመለከቱ የነበሩ አንድ አዛውንት «የቱ ጋ ኮበለለ?» ብለው አቋረጡት። በምትኩ «እምቢ ባይ» ወይስ «የኅሊና ተቃዋሚ» ይባል?

መልስ፦ መምህር፣ አዛውንቱ ልክ ናቸው። በደርግ ዘመን የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ሲመጣ ገጠር ዘመድ ቤት የተሸሸገው ወጣት ኮበለለ ቢባል ያስኬዳል፤ ዓሊ ግን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1967 ሂውስተን ከሚገኘው የምልመላ ጣቢያ በአካል ቀርቦ፣ ስሙ ሲጠራ ለመመልመል ወደ ፊት አልራመድም ያለ ሰው ነው። «እምቢ ባይ» ድርጊቱን ይገልጻል፤ ነገር ግን «እምቢ ለአገሬ» እያለ ሲፎክር የኖረ ጆሮ ዘማቹን እንጂ አልዘምትም ያለውን አይሰማበትም። «የኅሊና ተቃዋሚ» ደግሞ ይባስ ይገለበጣል፤ የመንግሥት ተቃዋሚ መንግሥትን የሚቃወም ከሆነ፣ የኅሊና ተቃዋሚም ኅሊናን የሚቃወም ይሆናል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 18 ስለ ምትክ አገልግሎት ሲደነግግ ኅሊናው ስለማይፈቅድለት ሰው ይናገራል፤ እኔም ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሌላ አባል፦ እስማማለሁ፣ ግን ዓቃቤ ሕጉን አታዳክሙት። የአሜሪካ ሕግ በኅሊናው ምክንያት ከውትድርና ልቅር የሚል ሰው ተቃውሞው ከሃይማኖት የመነጨ፣ ከልብ የሆነና ማናቸውንም ጦርነት የሚመለከት እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። መንግሥት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ሁለቱን አምኖ የተሟገተው በሦስተኛው ብቻ ነው፤ ዓሊ ፈጣሪ ያዘዘውን ጦርነት እዋጋለሁ ብሏልና። ስለዚህ ልጁ «ኅሊናው ያልፈቀደለት ለዚህኛው ጦርነት ነው ወይስ ለማናቸውም?» ብሎ ቢጠይቅ መድረኩ ይሞቃል።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻውን ውሳኔስ «ይቅርታ ተደረገለት» ብንለው?

መልስ፦ በፍጹም፤ ይቅርታ ጥፋተኛ ለተባለ ነው። አምስት ዓመት እስራትና 10,000 ዶላር መቀጮ ያስከተለው የጥፋተኝነት ውሳኔ እ.ኤ.አ. በ1971 ተሻረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሻረውም የምልመላው ይግባኝ ሰሚ አካል ከውትድርና ልቅር የሚለውን ጥያቄውን ከሦስቱ መስፈርቶች በየትኛው ምክንያት ውድቅ እንዳደረገ ባለመግለጹ ነው። ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኝ ዳኞች አንዱ የነበሩት ማርሻል ራሳቸውን ከጉዳዩ ስላገለሉ ድምፁ 8 ለ0 ነበር፤ ለዳኞቹ ዘጠኝ ወንበር አትደርድሩ።