«ልዩነታቸው የመጠን ብቻ ነው» አለ! ሻይን ከጫት ጎን ማን አስቀመጠው?

የሆጤ ልጅ፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ ስለ ወጣቱና ስለ ሱስ ሲወራ አንድ እንግዳ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሻይም ጫትም ስሜት የሚቀይሩ ነገሮች ናቸው። ልዩነታቸው የመጠን ብቻ ነው።» ይሄ አልበቃው ብሎ የተማሪ ካፌና የፋብሪካ ካፍቴሪያ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሻይ ባይሸጡ ይመረጣል አለ። ጋዜጠኛውም «በጣም እናመሰግናለን» ብሎ ወደ ማስታወቂያ። ደሴ ተቀምጦ! ከጦሳ ተራራ ጉሙ ሲወርድብን ምን እንጠጣ ታዲያ? በረዶ ውሃ?

የማታ ፈረቃ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ይጠየቅ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዓይኔ ሲከዳኝ የሚመልሰኝ ሻይ ነው። ሰውየው ማሽን ፊት ቆሞ አድሮ ያውቃል? ጣታችን ሲገባበት መጥቶ «ልዩነቱ የመጠን ብቻ ነው» ይበለን።

ሐቀኛው፦ ወገኖቼ፣ ተረጋጉ። ሰውየው ሻይ ሐራም ነው አላለም። ስሜት ይቀይራል ነው ያለው። አይቀይርም? የማታ ፈረቃ ራሱ «የሚመልሰኝ ሻይ ነው» እያለ መሰከረ እኮ።

ባለ ጋወኗ፦ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ሻይ ስሜት መቀየሩ እውነት ነው። ካፌይን አለው። ቀኑን ሙሉ አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፤ «ደከመህ፣ ተኛ» የሚለን እሱ ነው። ካፌይኑ ቀድሞ ቦታውን ይይዝበታል። ድካሙ የትም አልሄደም፤ ወሬው ነው ያልደረሰን። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን የአምፌታሚን፣ የዚያ ኃይለኛ አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው። ዶፓሚን የሚባለውን አንጎል ውስጥ ያለ የደስታና የጉጉት መልእክተኛ ያስለቅቃል። መንገዳቸው ሌላና ሌላ ነው። ስለዚህ «የመጠን ብቻ» የሚለው አይሠራም። አሥር ጀበና ሻይ ብትጠጣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ልብህ ይመታል እንጂ አትመረቅንም።

በረካ፦ ሻይ በጀበና ነው እንዴ እናንተ ቤት? 😂

ባለ ጋወኗ፦ በማንቆርቆሪያ በለው። የያዝከው ይሄን ብቻ ነው?

ሐቀኛው፦ እህቴ፣ እኔ ደግሞ ልጠይቅሽ። ሻይ ሲቀርባቸው ራሳቸውን የሚያማቸው፣ ከሰው ጋር የሚነጫነጩ የሉም? የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ካፌይን ማቆም የሚያመጣውን ሕመም በስሙ መዝግቦታል። ራስ ምታት፣ ድብርት፣ ብስጭት። ይሄ ሱስ ካልሆነ ምን ይባላል?

ባለ ጋወኗ፦ ያው መመሪያ የካፌይን ሱስን ራሱን ግን «ገና ይጠና» ብሎ በይደር ነው ያቆየው። ግማሹን አንብበህ ግማሹን ዋጥከው። ራስ ምታቱም በጥቂት ቀናት የሚለቅ ነው።

ሐቀኛው፦ የመዘገበው ተመዝግቧል። ዋጥከው የሚለው ስድብ ነው።

አያ ከቦሩ ሜዳ፦ ልጆቼ፣ አትሰዳደቡ። እኛ በልጅነታችን ሻይ ለእንግዳና ለታመመ ነበር የሚፈላው። ሱስ የሚባል ወሬ አልሰማንም። ራስ ሲያመን ቡና እንጠጣለን።

ሐቀኛው፦ አያ፣ በአክብሮት ነው የምለው፣ ራስዎን የሚያምዎት ቡናው ስለቀረ ይሆናላ!

የሆጤ ልጅ፦ ሽማግሌ ላይ ደግሞ ጀመረልሽ።

በረካ፦ እውነቱን ልንገራችሁ? ሰውየው ከመሬት አላነሳውም። ጫት ቤት ግቡና እዩ። ሻዩ ከጫቱ ጋር ነው የሚመጣው፣ ያውም ስኳሩ እጥፍ ሆኖ።

የሆጤ ልጅ፦ ፍራሹም ከጫቱ ጋር ነው የሚመጣው። ፍራሽም ስሜት ይቀይራል በላ! ልዩነቱ የመጠን ብቻ ነው!

በረካ፦ እየሳቅክ ነው እንጂ አልመለስክም። ደግሞ ጫትን ለምን የሁሉ ነገር መስደቢያ ታደርጉታላችሁ? ቅጠሉ ራሱ በዓለም አቀፍ ስምምነት አልተከለከለም።

ባለ ጋወኗ፦ ቅጠሉ አልተከለከለም፣ እውነት ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን ግን በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ተርታ ነው። ካፌይን እዚያ ውስጥ የለም። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ስለሚቀንስ አይደል በኮባ ጠቅልላችሁ የምትሮጡት? ሻይ ቅጠል ግን ደርቆ ነው ከውሽውሽና ከጉመሮ የሻይ እርሻ የሚመጣው፤ ማንም በኮባ ሲሮጥበት አላየሁም።

ዶርም፦ ተማሪ ነኝ። ሻይ እንደ ቡና ልቤን አያሯሩጠውም፣ ግን ነቅቼ አነብባለሁ። ቲያኒን የሚባል የሚያረጋጋ ነገር ስላለው ነው ይላሉ። እውነት ነው?

ባለ ጋወኗ፦ ቲያኒን አለ። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1949 ከሻይ ነው ያገኙት። ችግሩ ጥናቶቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ግራም ነው፤ አንድ ኩባያ ሻይ ያን ያህል የለውም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2011 የቲያኒኑን ማስረጃ በቂ አይደለም ብሎ መልሶታል። ካፌይኑ ንቁ ያደርጋል የሚለውን ግን ከ75 ሚሊ ግራም ጀምሮ ተቀብሏል። አንድ ትልቅ ኩባያ ጥቁር ሻይ ከ40 እስከ 50 ገደማ አለው። ቡናው ወደ 95። ልብህን የማያሯሩጠው በአብዛኛው ስለሚያንስ ነው።

ሐቀኛው፦ ስለሚያንስ! መጠን! አመሰግናለሁ። ክርክሩ አለቀ።

ባለ ጋወኗ፦ በቡናና በሻይ መካከል መጠን ነው! ሁለቱም ካፌይን ናቸዋ! ጫት መቼ አልኩ?

ሐቀኛው፦ «ስለሚያንስ ነው» ብለሻል። ከፍ ብሎ ተጽፏል። ሰው ያንብበው።

እትዬ ሻይ ቤት፦ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሻይ አፍልቼ የምሸጥ ነኝ። ኬሚካሉን አላውቅም። የማየውን ግን ልንገራችሁ። ጠዋት ሹፌር ይመጣል፣ ፊቱ እንደታሰረ። ብርጭቆውን አፉ ላይ በሁለት ጣት ይይዝና ያቃጥለዋል፤ ወደ ሌላኛው እጁ ያዛውረዋል። እፍ እፍ ይላል። ቅርንፉዱና ቀረፋው አፍንጫው ላይ ይደርሳል። ገና አንዴ ሳይጎነጭ ትከሻው ይወርዳል፣ አጠገቡ ያለውን ሰው «እንዴት አደርክ» ይለዋል። ያ ካፌይን የሚባለው በአፍንጫ ይገባል እንዴ?

ባለ ጋወኗ፦ በአፍንጫስ አይገባም እትዬ። ቢጠጣውም ሙሉ ለሙሉ ለመሰማት ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። የርስዎ ሹፌር ያረፈው ስለተቀመጠ፣ ስለሞቀውና ስለለመደው ነው።

የማታ ፈረቃ፦ እትዬ ልክ ናቸው። እኛም ጋ ከሻዩ በላይ አሥር ደቂቃዋ እረፍት ናት የምታስተኛ፣ ይቅርታ፣ የምታነቃ። ሻዩ ከተከለከለ አሥር ደቂቃዋም አብራ ትሄዳለች። አለቃ «ሻይ የለም፣ ምን ያስቀምጥሃል?» ነው የሚለኝ። ሬዲዮ ላይ ያለው ሰውዬ ይሄን አያውቅም።

ሐቀኛው፦ እሺ፣ የ10 ሰዓቱን ነገር ተዉትና እንቅልፉን አስቡት። ካፌይን ከሰውነት በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። 10 ሰዓት የጠጣው ተማሪ ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ሰውነቱ ውስጥ አለ።

ዶርም፦ ማታ 3 ሰዓት ማን ይተኛል? ፈተና እኮ ነው።

የማታ ፈረቃ፦ እኔ ማታ 3 ሰዓት ገና ሥራ ልገባ ነው። ለኔም 10 ሰዓት ነው ሕጉ?

አዋላጇ፦ ሁላችሁም ዋናውን ረስታችኋል። ሻይን ከምግብ ጋር አትጠጡ። ከእህልና ከአትክልት የምናገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። በተለይ ነፍሰ ጡሮች። ምሳ በልታችሁ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጠጡት።

በረካ፦ ርዕሱ ስሜት ነው እህቴ።

አዋላጇ፦ የደም ማነስ ድካምና መከፋት ስሜት አይደለም? ክሊኒክ መጥተህ እያቸው። ደከመኝ ብላ ሻይ ትጠጣለች፣ ሻዩን ከእንጀራው ጋር ስለምትጠጣው ደሟ አይሞላም፣ ደግሞ ይደክማታል።

የሆጤ ልጅ፦ ይሄ እንኳን ቁም ነገር ነው። ሬዲዮ ላይ መቅረብ የነበረባት እሷ ናት።

የቦርከና ዳር፦ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ደሴዎች ስለ ሻይ ስትከራከሩ ግን ይገርመኛል። ከተማችሁ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፣ ውሃችሁ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ቅጠሉ በደንብ አይለቅም። ስሜት የሚቀይር ሻይ ከፈለጋችሁ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ኑ።

የሆጤ ልጅ፦ የናንተው 94 ቢሆን ነው! ሁለት ዲግሪ ይዞ መጣ ጉረኛ። በዚያ ሙቀት ሻይ የሚጠጣውስ ማነው?

የቦርከና ዳር፦ ልዩነቱ የመጠን ብቻ ነው 😂

እትዬ ሻይ ቤት፦ ልጄ፣ እኔ ቅጠሉን ጨምሬ አቆየዋለሁ እንጂ እንደናንተ አላጣድፈውም። ናና ቅመስ፣ የመጀመሪያው በነፃ ነው።

በረካ፦ የመጀመሪያው በነፃ! ጫት ሻጭም እንዲህ ነው የሚጀምረው 😂😂

አያ ከቦሩ ሜዳ፦ ኧረ ተው አንተ ልጅ!

የሆጤ ልጅ፦ ለማንኛውም ለሬዲዮው ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። ሰውየው መጥቶ ከባለ ጋወኗና ከአዋላጇ ጋር ይነጋገር እላለሁ። የሚፈርም?

የማታ ፈረቃ፦ አሥር ደቂቃዋን ካስገባህ እፈርማለሁ።

ሐቀኛው፦ እኔም እፈርማለሁ፣ «ስለሚያንስ ነው» የሚለውን ካስገባህ።

ባለ ጋወኗ፦ እሱ ከገባ ስሜን አውጣው።

የቦርከና ዳር፦ ከላዩ ላይ «የደሴ ሻይ ጠጪዎች» ብለህ ከጻፍክ ደግሞ እኔ የለሁበትም።