ያማጉቺ ሞሞኤን ለመስማት ከየት ልጀምር? «ፓርት 1»ስ የት ገባ?

ሀኒ፦
ሰላም ለቤቱ። የጃፓናዊቷን ዘፋኝ የያማጉቺ ሞሞኤን ዘፈኖች በቅደም ተከተል መስማት ፈልጌ ነበር፤ ግን የሁለት ሰው ሥራ ይመስላሉ፤ ግማሹ የልጅ፣ ግማሹ የበሰለች ሴት። «ፕሌይባክ ፓርት 2» የሚባል አለ፤ አንደኛውን ግን አጣሁት። ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ዘፍናለች የሚባለውስ እውነት ነው?

ሸክላ ወዳጅ፦
ሀኒ፣ ልዩነቱን በደንብ ሰምተሻል። መለያው 1976 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ1972 መጨረሻ «ስታር ታንጆ!» በተባለው የቴሌቪዥን ውድድር ሁለተኛ ወጣች፤ ሜይ 21 ቀን 1973፣ በ14 ዓመቷ፣ «ቶሺጎሮ» ወጣ። ብዙም አልሄደም። ስሟ የተነሣው ቀጥሎ በመጣው «አኦይ ካጂፁ» ነው፤ ሕፃን ልጅን የአዋቂ ግጥም ያዘፈኑበት ነው፣ ዛሬ ሲሰሙት ይጎረብጣል።

በ1976 «ዮኮሱካ ስቶሪ» መጣ። ግጥሙ የአኪ ዮኮ፣ ዜማው የኡዛኪ ሪዩዶ፤ ባልና ሚስት ናቸው። ኡዛኪ ይሥራልኝ ያለችው ራሷ ሞሞኤ ናት። ዮኮሱካ ያደገችበት የወደብ ከተማ ነው። ወፍራም ድምጿ ልኩን ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከ«ዮኮሱካ ስቶሪ» ጀምሪ፣ ወደ «ፕሌይባክ ፓርት 2» እና «ኢይ ሂ ታቢዳቺ» (ሁለቱም 1978) እለፊ፣ ከዚያ ወደ 1973 ተመለሽ። የስብስብ አልበሞችን ቅደም ተከተል አትመኚ፤ የነጠላ ሸክላዎቹን ቀን ተከተዪ።

ኩሩማ፦
«ፓርት 1» ሌላ ዜማ ነው፤ በነጠላ አልወጣም፣ በኋላ በስብስብ አልበም ነው የገባው። «ፓርት 2»ን ስትሰሚ መሐል ላይ ድምፁ ቀጥ ይላል፤ ፋይሉ ተበላሽቶ እንዳይመስልሽ፣ ሆን ተብሎ ነው።

የግጥሙ መነሻ ላይ ደግሞ ቀይ «ፖሩሼ» (ፖርሽ መኪና) አለ። ኤንኤችኬ የጃፓን የሕዝብ ጣቢያ ስለሆነ ያኔ የንግድ ስም አያስተላልፍም ነበር፤ እዚያ ስትዘፍነው «ኩሩማ»፣ መኪና ማለት ነው፣ አስባሏት። ፖ-ሩ-ሼ፣ ኩ-ሩ-ማ፤ ሁለቱም ሦስት ምት ስለሆኑ ዜማው አልተነካም። የተለያየ ቅጂ ቢያጋጥምሽ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሸክላ ወዳጅ፦
ጥሩ አነሣኸው፣ ረስቼው ነበር።

ነጭ ማይክ፦
ተመልሳ አልዘፈነችም። ከ1974ቱ «ኢዙ ኖ ኦዶሪኮ» ጀምሮ አብሯት በፊልም የሠራውን ሚዩራ ቶሞካዙን እንደምትወድ ኦክቶበር 20 ቀን 1979 ኦሳካ ላይ፣ መድረክ ላይ ቆማ ተናገረች። ኦክቶበር 5 ቀን 1980 ቶኪዮ ቡዶካን የመጨረሻ ኮንሰርቷን አቀረበች፤ «ሳዮናራ ኖ ሙኮጋዋ»ን ዘፍና ነጩን ማይክሮፎን መድረኩ ላይ አስቀምጣ ሄደች። 21 ዓመቷ ነበር። ኖቬምበር 19 ተጋቡ።

ወሬው የሚነሣው ልጇ ሚዩራ ዩታሮ ያንኑ ዘፈን ስለሚዘፍን ይመስለኛል። እሷን ከ1980 ወዲህ ስትፈልጊ «ሚዩራ ሞሞኤ» ብለሽ ፈልጊ፤ የ2019ኙ መጽሐፏ በዚህ ስም ነው የወጣው። ግን ስለ ሙዚቃ አይደለም፣ ከጨርቅ ቁራጭ ስለምትሰፋቸው ሥራዎች ነው።