በሰው ወርክሾፕ 11 ዓመት በየድኩ፤ አሁን የራሴን ልክፈት?

ጥቁር መስታወት፦

ሰላም ለሁላችሁ። 11 ዓመት በሰው ወርክሾፕ የሠራሁ በያጅ ነኝ። በር፣ መስኮት፣ ካንቼሎ (የግቢ በር)፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የውኃ ታንከር መቀመጫ፣ አልፎ አልፎም የመኪና ፖርቶመጋላ (ጣሪያ ላይ ዕቃ መጫኛ) እሠራለሁ። እጄ አይታማም፤ ከባድ ሥራ ሲመጣ አሠሪዬ የሚጠራው እኔን ነው። ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ ጠጋ ብሎ «ሁሉንም የምትሠራው አንተ ነህ፤ ታዲያ ለራስህ የማትሠራው ለምንድን ነው?» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም።

ያለኝ አንድ 200 አምፔር ኢንቨርተር የብየዳ ማሽን፣ ሁለት ግራይንደር፣ መሰርሰሪያ፣ ሞርሳ (ብረት ቆንጥጦ መያዣ) እና ለስድስት ወር የቤት ወጪ የሚሆን ቁጠባ ነው። ያሰብኩት ቁጠባውን ለቅድሚያ ክፍያ አድርጌ አሠሪዬ ዘንድ እንዳለው ያለ የላሜራ ማጠፊያ ማሽንና የፕላዝማ መቁረጫ በብድር ለመግዛት ነው። ማሽን የሌለውን ወርክሾፕ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? በዋጋ በኩል አሠሪዬ የብረቱን ዋጋ በሁለት ያባዛል፤ እኔም እንዲሁ ላድርግ ወይ? በዚህ ላይ አንድ መካኒክ ወዳጄ «በአንድ ግቢ ጋራዥም ጨምረን እንክፈት» እያለኝ ነው። ያለፋችሁበት ሰዎች፣ ምን ትላላችሁ?

ላሜራ፦

በማጠፊያው ልጀምር። እኔ ገዝቼ ነበር። ለሁለት ዓመት ያህል የቀለም ቆርቆሮ መደርደሪያ ሆኖ አገልግሎኛል፤ ዕዳው ግን አንድም ወር ሳይዘገይ ይመጣ ነበር። ከመግዛትህ በፊት ባለፉት ሦስት ወራት በእጅህ ያለፉትን ሥራዎች ቁጠርና ማጠፊያ የነኩት ስንቶቹ እንደሆኑ ጻፍ። በወር አሥር ሰዓት የማይሠራ ከሆነ ላሜራውን ማጠፊያ ወዳለው ሰው ወስደህ አሳጥፈው። የማሳጠፊያውን ዋጋ በሥራው ሒሳብ ላይ ትጨምረዋለህ፤ ዕዳውን ግን በማንም ሒሳብ ላይ መጨመር አትችልም።

ሞርሳ፦

ወንድሜ፣ እጅህ ጥሩ መሆኑን አምኜ ልነሣ፤ የእኔም ጥሩ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት የከሰርኩት በዚሁ በጥሩ እጄ ነው።

የብረቱን ዋጋ በሁለት ማባዛትን እኔም ከአሠሪዬ ይዤ ወጣሁ። እርሱ ብረት የሚገዛው በብዛት ነበር፤ ሥራውም ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት በር ስለነበረ ሒሳቡ ይሠራለታል። ወደ እኔ ግን የሚመጣው ሁሉም ዓይነት ነው። ወፍራም ብረት የሚበላ ግን ጥቂት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ሲመጣ ዋጋዬ ይወደድና ደንበኛው ወደ ሌላ ይሄዳል። በቀጫጭን ብረት የተጠላለፈ፣ ሳምንት የሚፈጅ የመስኮት ፍርግርግ ሲመጣ ደግሞ ዋጋዬ ከሁሉ ይረክስና ደንበኛው እየሮጠ ይመጣል። ስለዚህ እጄ ላይ የሚቀረው ሁልጊዜ የሚያከስረኝ ሥራ ነበር። ደጃፌ በሰው ተሞልቶ፣ ኪሴ ባዶ። «ሥራ በዝቶልሃል» እያሉ ሰዎች ሲያመሰግኑኝ ይህን ለመረዳት ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ዓይኔን የገለጠልኝ አንድ ካንቼሎ ነው። ስፋቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.20፣ ባለ ሁለት መዝጊያ፣ ላሜራው 1.5 ሚሊሜትር። ስምንት ቋሚዎች ነበሩት፤ 8 ጊዜ 2.20 ማለት 17.60 ሜትር ነው፤ ቱቦላሬው (ውስጡ ክፍት የሆነው ብረት) ባለ 6 ሜትር ስለሆነ ሦስት ዘንግ ይበቃል ብዬ ዋጋ ሰጠሁ። ከአንድ ዘንግ የሚወጣው ግን ሁለት ቋሚ ብቻ ነው፤ 1.60 ሜትር ቁራጭ ይተርፋል። አራት ዘንግ ያስፈልግ ነበር። አራተኛውን ከኪሴ ገዛሁ፤ ለአንድ ዘንግ ብዬ የመኪና ኪራይ ከፈልኩ፤ ግማሽ ቀን ጠፋ። ዛሬ ዋጋ ከመናገሬ በፊት እያንዳንዱን ዘንግ ወረቀት ላይ አሰምራለሁ፤ የትኛው ቁራጭ ከየትኛው ዘንግ እንደሚወጣ፣ የመቁረጫ ዲስኩ የሚበላውን ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ሳይቀር። ክብደቱንም አላሰላሁም ነበር። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር ላሜራ 7.85 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህን ቁጥር ግድግዳህ ላይ ጻፈው። የእኔ ካንቼሎ ላሜራው ብቻ 78 ኪሎ ይጠጋ ነበር። የገዛሁት የበር ማጠፊያ ለቀላል በር የሚሆን ስለነበር በሦስተኛው ሳምንት መዝጊያው ተንጋዶ መሬት መፋቅ ጀመረ። በነጻ ቀየርኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ደብተር ገዛሁና ሰዓቴን መመዝገብ ያዝኩ። ቀጥሎ የሠራሁት ተመሳሳይ ካንቼሎ 31 ሰዓት ፈጀ። ከዚህ ውስጥ ብየዳው ስንት ይመስልሃል? አራት ሰዓት እንኳን አልሞላም። ቀሪው ሄዶ መለካት፣ ብረት መግዛት፣ መቁረጥ፣ ከማእዘን ማእዘን ሰያፉን እየለኩ ማስተካከል፣ በግራይንደር ማለስለስ፣ ዝገት መጥረግ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ሁለት እጅ መቀባት፣ መጫን፣ መትከል ነው። ከሳምንት በኋላም «መቀርቀሪያው አልገባም» ተብሎ ተመልሶ መሄድ አለ። ሰው ጋር ስትቀጠር የምታየው ከዚህ ሁሉ ሁለቱን ሦስቱን ነው። ሌላውን አሠሪህ ይሠራዋል፤ አንተም «ምን ይሠራል፤ ስልክ ሲያወራ ይውላል» ትለዋለህ። እኔ እል ነበር።

ስለዚህ የሰዓት ዋጋህን አውጣ። የወር ኪራይ፣ መብራት፣ ዲስክ፣ ኤሌክትሮድ፣ የማሽን እርጅና፣ የራስህን ደመወዝም ደምር (የራስን ደመወዝ አለመቁጠር የሁላችንም ሞኝነት ነው)። ከዚያ ለስንት ሰዓት ታካፍለዋለህ? በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት፣ 208 ትለኝ ይሆናል። ደንበኛ የሚከፍልበት ሰዓት ግን በቀን ከአምስት አይበልጥም፤ ስለዚህ 130 ነው። በ208 ካካፈልክ ከእያንዳንዱ ሰዓት ከሚገባህ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ለደንበኛው ስጦታ ትሰጣለህ።

ቅናሽ ሲጠይቁህም ተጠንቀቅ። 100 ወጪ ላይ 25 ጨምረህ 125 ብለሃል እንበል። ደንበኛው 20 በመቶ ቀንስልኝ ቢልህና እሺ ብትለው ተመልሰህ 100 ላይ ነህ፤ በነጻ ሠራህ ማለት ነው። የእኔ መላ ዋጋውን ትቶ ሥራውን መቀነስ ነው። «እሺ፣ የጌጡን አበባ ላውጣውና በዚህ ዋጋ ልሥራልህ» እላለሁ። አብዛኛው ሰው አበባውን ይመርጣል።

ቀብዱ የብረቱን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ካልሸፈነ ብረት አትግዛ። በልክ ተቆርጦ የተበየደ በር ባለቤቱ ቢጠፋ ለሌላ ሰው አይሆንም።

የስድስት ወሩን ቁጠባ ደግሞ አትንካው። ለማሽን አይደለም፤ አክሳሪ ሥራ ሲመጣ «አልሠራም» ለማለት ነው። ቤቱ የተራበ ሰው ያንን ቃል አይችለውም።

ስለ ማሽንህም፣ 200 አምፔር የሚለውን ብቻ ሳይሆን ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አንብብ። በ200 አምፔር 20 በመቶ የሚል ከሆነ ከአሥር ደቂቃ ሁለቱን ብቻ ትበይዳለህ፤ ስምንቱን ማሽኑ ያርፋል። ለፍርግርግ ይበቃል፤ ቀኑን ሙሉ ወፍራም ብረት ለሚበየድበት ሥራ ግን አይሆንም። ቤቱን ከመከራየትህ በፊትም መስመሩን ኤሌክትሪክ ለሚያውቅ ሰው አሳይ፤ 200 አምፔር በ28 ቮልት ስትበይድ እቅስቱ (የብየዳው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ላይ ብቻ 5.6 ኪሎዋት ነው፤ ማሽኑ ከመስመሩ የሚወስደው ከዚያም ይበልጣል። እኔ ይህን ያወቅሁት ኪራዩን ከከፈልኩ በኋላ ነው፤ ስበይድ የጎረቤቴ መብራት ይደበዝዝ ነበር፤ ሰላምታችንም እንደዚያው።

ጥቁር መስታወት፦

ጋሼ ሞርሳ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ያሉትን አደረግሁ። አሠሪዬ ዘንድ ለአንድ የደረጃ መደገፊያ ከጠዋት ጀምሮ ሰዓቴን በኖራ ግድግዳው ላይ ጻፍኩ። በዘጠኝ ሰዓት ውስጥ ማሽኑ የበራው አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ባልደረቦቼ አብዷል ብለው ሳቁብኝ። ከዚህ በፊት ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ቀን እበይዳለሁ ብዬ እምል ነበር። ስለ ጋራዡስ ምን ይላሉ?

ባለ ጋራዥ፦

የጋራዡን ለእኔ ተውልኝ፤ ሴት ስለሆንኩ መኪና የሚያመጡልኝ ሰዎች መጀመሪያ «መካኒኩ የት አለ?» ይላሉ፤ መካኒኩ እኔ ነኝ።

ወንድሜ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አትክፈቱ። ከግራይንደር የሚበተነው የብረት ብናኝ አዲስ በተቀባ መኪና ላይ ያርፋል፤ ያን ዕለት አይታይም፤ ከዝናብ በኋላ ግን ቀለሙ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ደንበኛው ለዚህ የሚይዘው እኔን ነው እንጂ ብናኙን አይደለም። ፍንጣሪውም ቤንዚን ካለበት ስፍራ ጋር አይኗኗርም። ብዙ ሰው ባዶ የቤንዚን ታንክ አያስፈራም ይላል፤ እንዲያውም የሚፈነዳው ባዶው ነው፤ እንፋሎቱ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል፤ ባዶ ታንክ ውስጥ ደግሞ ለዚህ የሚሆን አየር አለ። «ትንሽ ቀዳዳ ናት፣ ነካ አድርግልኝ» ብለው ሲያመጡልህ መልሳቸው።

መኪና ላይ መበየድህ ካልቀረ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ፤ የማሽንህንም መሬት መያዣ ከምትበይድበት አጠገብ እሰር። ራቅ አድርገህ ካሰርከው ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ውስጥ ያልፍና ያበላሸዋል። ፍሬን ማጽጃ በተረጨበት ብረት ላይም አትበይድ፤ ክሎሪን ያለበት ዓይነት ከሆነ እቅስቱ ወደ ፎስጂን ይለውጠዋል፤ ይህ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰው የተጨረሰበት ጋዝ ነው።

የጋራዥ ሒሳብም ከእናንተ ይለያል። የእናንተ ዕዳ ብረት ነው፣ የእኛ ቦታ። «ነገ እወስደዋለሁ» ተብሎ የተተወ መኪና ግቢዬ ውስጥ 14 ወር ተቀምጧል፤ እርሱ የቆመበት ቦታ ላይ በሳምንት ሁለት መኪና እሠራ ነበር። አሁን መኪና ስቀበል ባለቤቱ ፊት ጭረቱን፣ የነዳጁን መጠንና የቆመበትን ኪሎሜትር ጽፌ አስፈርማለሁ፤ ሥራው ካለቀ ከስንት ቀን በኋላ የማቆሚያ እንደማስከፍልም ወረቀቱ ላይ አለ። ደንበኛ ራሱ የገዛው መለዋወጫ ከሆነ ለእጄ እንጂ ለዕቃው ዋስትና አልሰጥም፤ ይህም ተጽፏል። ከመካኒክ ወዳጅህ ጋር ጎን ለጎን ሁለት ቤት ተከራዩ፣ ደንበኛ ተላላኩ፤ ሒሳባችሁ ግን ይለያይ።

ላሜራ፦

ረዳት ስትቀጥር ደግሞ ከአንድ ነገር ተጠንቀቅ። ልጁ ትልቁን የ230 ሚሊሜትር ዲስክ መከላከያውን አውልቆ በትንሹ ግራይንደር ላይ ያስረዋል፤ ይቆርጥለታል ብሎ። ዲስኩ የሚችለው በደቂቃ 6,600 ዙር ገደማ ነው፤ ትንሹ ግራይንደር 11,000 ይዞራል። እኔ ጋር የተሰበረው ቁራጭ ጣሪያውን በስቶ ወጣ። ሰው መሐል ላይ ስላልነበረ ዛሬ እዚህ እጽፋለሁ።

ሞርሳ፦

ላሜራ አደጋን ካነሣ አይቀር፣ ዚንክ የተለበጠ ቱቦም አደገኛ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ብረቱ የሚቀልጠው ደግሞ 1,500 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ገና ብየዳው ሳይያዝ ነጭ ጭሱ ፊትህ ላይ ነው። እኔ ሙሉ ቀን በተዘጋ ቤት በየድኩና ማታ እንደ ወባ አንቀጠቀጠኝ። ወተት ጠጣ አሉኝ፤ ወተት ሳንባ ውስጥ አይገባም። ልባጩን ፍቀህ፣ በር ከፍተህ፣ የጭስ ማስክ አድርገህ በይድ፤ ለዚያ የሚፈጀውንም ሰዓት ዋጋው ውስጥ አስገባ።

ጥቁር መስታወት፦

አንድ ነገር ልጨምር። ከአሠሪዬ ጋር እንዴት ልለያይ? የደንበኞቹ ስልክ ቁጥር እኔ ዘንድ አለ፤ «ውሰዳቸው» የሚሉኝ አሉ።

ሞርሳ፦

ተዋቸው። አሠሪህ ማጠፊያ ማሽን አለው አላልክም? ነገ ላሜራህን የምታሳጥፈው እርሱ ዘንድ ነው። ከወር በፊት ንገረው፤ የጀመርከውን ሥራ ጨርስለት። እርሱ የማይደርስበትን ትንንሽ ሥራ ራሱ ይልክልሃል፤ ለእኔ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደንበኞች የላከልኝ የድሮ አሠሪዬ ነው፤ ኮሚሽኑንም አልተወልኝም።

ጥቁር መስታወት፦

ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ለማጠፊያው በሰዓት ነው የማስከፍልህ» አለኝ። ማሽን መግዛቱን ትቻለሁ፤ ደብተሩን ገዝቻለሁ። የመጀመሪያውን የራሴን ሥራ፣ አንድ የሰገነት መደገፊያ፣ በ15 ሰዓት ገምቼ ተቀበልኩ። 23 ፈጀብኝ። ስምንቱ ሰዓት የት እንደገባ ዛሬ ማታ ደብተሩ ላይ እየፈለግሁ ነው፤ እስካሁን አምስቱን አግኝቻለሁ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ግድግዳው ቀጥ ያለ መስሎኝ ሳልለካው የቀረሁበት ነው።